የእንስሳት መርማሪ ታሪክ ለልጆች እንዴት ይጻፋል? ከምስጢሩ አፈጣጠር እስከ መጨረሻው ምዕራፍ

ለልጆች የተጻፈ የእንስሳት የምርመራ ታሪክ በእግሩ መቆሙን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። እንስሳቱን አውጡና በቦታቸው ሰዎችን አስገቡ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ከቀጠለ መርማሪው ውሻ የሆነው በስም ብቻ ነው። ጥሩ የእንስሳት ምርመራ ግን በዚህ ፈተና ይፈርሳል፤ ነገሩ የተፈጸመው በምንቃር ነው፣ ምስክሯ በጨለማ አታይም፣ ዱካውን ያገኘውም አፍንጫ ነው። ምስጢሩም መፍትሔውም ከእንስሳው ተፈጥሮ መምጣት አለባቸው። የሚከተለው መመሪያ በሙሉ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

አካሄዱ በተግባር እንዲታይ አንድ ታሪክ ከመነሻው እንገነባለን። አንባቢዎቹ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ርዝመቱ 6,000 ቃል ገደማ፣ ምዕራፎቹ 10 ይሁኑ። ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጆች ከሆነ ከ1,000 እስከ 1,500 ቃል፣ ሦስት ተጠርጣሪና ሦስት ፍንጭ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ማን ምን እንዳለ ይጠፋባቸዋል።

መጀመሪያ እውነቱን ጻፉ

ምዕራፍ አንድን ከመንካታችሁ በፊት የሆነውን ነገር ሁሉ ያለ ምንም ምስጢር በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በየት ገብቶ፣ ለምን? ይህን ሳይጨርሱ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ይቆማሉ፤ ወይም ከዚያ በፊት ተጠቅሶ የማያውቅ ሌባ ከሰማይ ያወርዳሉ።

የእኛ እውነት ይህ ነው። የግቢው እንስሳት ለክረምት ያስቀመጡት 60 ፍሬ የተፈለፈለ ኦቾሎኒ በአንድ ቅርጫት ጎተራ ውስጥ አለ። የጎተራው ክዳን ተበስቶ ዝናብ ቅርጫቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቁራ ይህን ከላይ ያያል። የረጠበ ኦቾሎኒ ይሻግታል፤ ስለዚህ ቁራ በዚያው ቀዳዳ እየገባ ፍሬዎቹን አውጥቶ በአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርፊት ስንጥቆች ውስጥ ይደብቃቸዋል። ይህን የሚያደርገው በጠራራ ፀሐይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግን ሁሉም «ሌሊት ተሰረቅን» ይላል። ቀን ቀን ውሻው ከበሩ ፊት ስለማይነቃነቅ፣ ቀን ሊሰረቅ ይችላል ብሎ የሚያስብ የለም።

ሂሳቡንም ሥሩ። የቁራ ዘመዶች ምግብ የሚያጓጉዙበት ትንሽ ከረጢት ከምላሳቸው ሥር አላቸው። የእኛ ቁራ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ይይዛል ብንል 15 ጊዜ መመላለስ አለበት። 15 ምልልስ ደግሞ አንድ ዓይን ሳያየው አያልፍም፤ ስለዚህ ምስክር እንደሚያስፈልገን ከወዲሁ አወቅን። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ታሪኩን ማመን ይተዋሉ።

ቁራው ለምን ዝም አለ? ደጋግ ሥራ ሠርቶ ሳይናገር መቅረቱ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ብዙ የልጆች ታሪኮች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። መልሱን እንደገና ተፈጥሮው ይሰጠናል። ቁራና ዘመዶቹ ምግብ ሲደብቁ ሌላ እንስሳ ካያቸው ቦታውን የመለወጥ ልማድ አላቸው። የደበቁትን አለመናገር ባሕርያቸው ነው።

መርማሪው፦ አንድ ብርታት፣ አንድ ጉድለት

መርማሪያችሁን ስትመርጡ ስለ ውበቱ አታስቡ፤ የትኛው የስሜት ሕዋሱ ይሠራል፣ የቱ ይጎድለዋል ብላችሁ ጠይቁ። የውሻ አፍንጫ እስከ 300 ሚሊዮን የሚደርሱ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፤ የሰው 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። ያው ውሻ ግን ቀይና አረንጓዴን አይለይም፣ ዛፍ ላይም አይወጣም። ድመት እኛ ለማየት ከሚያስፈልገን ብርሃን አንድ ስድስተኛው ይበቃታል፤ የጣፋጭ ጣዕም ግን አታውቅም። ጉጉት አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች፤ ዓይኗን በጉድጓዱ ውስጥ ማንቀሳቀስ ግን አትችልም።

ጉድለቱ ከብርታቱ እኩል ያስፈልጋል። ሁሉን የሚያሸት፣ ሁሉን የሚያይ፣ ሁሉ ቦታ የሚወጣ መርማሪ ምስጢሩን በሦስተኛው ገጽ ይፈታዋል። ጉድለቱ ደግሞ ረዳት ያስገባላችኋል። እኛ ውሻን መርማሪ፣ ዶሮን ረዳት እናደርጋለን። ውሻው ሽታ ያነብባል፣ በድንግዝግዝም ያያል። ዶሮዋ ቀለም ትለያለች፣ ቀኑን ሙሉ ግቢውን ትቃኛለች፤ ሲመሽ ግን ዓይኗ አይረዳትም። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር በእጃችን ገባ፦ ስርቆቱ የሌሊት ነው ተብሎ ስለታመነ ዶሮዋን ማንም አልጠየቃትም! 15ቱን ምልልስ ያየችው እሷ ናት። እንዲህ ያለው ነገር ከተፈጥሮ ስትነሱ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ቁጭ ብሎ በመፈልሰፍ አይገኝም።

ልጆች መርማሪውን እንደሚመስሉ አትርሱ። ውሻው ምስጢር በፈታ ቁጥር ቸኮሌት አይሸለም፤ ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ ውሻን ይመርዛሉ፤ አንባቢያችሁም ነገ ለራሱ ውሻ ይሰጥ ይሆናል።

ተጠርጣሪዎች፦ ለእያንዳንዱ ሌላ ምስጢር

አራት ተጠርጣሪ ለዚህ ዕድሜ ልክ ነው። ንጹሖቹም የሚደብቁት ነገር ይኑራቸው፤ ካልሆነ ሲጠየቁ የሚንተባተበው ጥፋተኛው ብቻ ይሆንና ነገሩ ያበቃል።

ጃርት፦ ከጎተራው ግድግዳ ውጭ እሾሁ ተገኝቷል፣ የሌሊት እንስሳ ነው፣ ኦቾሎኒም ይወዳል። ምስጢሩ፦ ግድግዳው ሥር ሥራሥር ሲቆፍር ነበር፣ መሠረቱን አበላሸህ እንዳይባል ፈርቷል። ነጻ የሚያወጣው፦ በመስኮቱ አይገባም። ድመት፦ ጸጉሯ ጎተራው ውስጥ ወድቋል። ምስጢሯ፦ ግልገሎቿን እዚያ ደብቃለች፤ ድመት ስትሰጋ ግልገሎቿን ከቦታ ቦታ ታዛውራለች። ጦጣ፦ የእጇ አሻራ መስኮቱ ላይ አለ። መጀመሪያ ላይ ነጻ ናት፤ ሌሊት ትተኛለችና። ቁራ፦ በሩ ተዘግቶ ሳለ ማንም የማያስበው።

የጦጣን ነገር ልብ በሉ። «ስርቆቱ ሌሊት አልነበረም» የሚለው ሲገለጥ የእሷ ማስተባበያ ወዲያው ይፈርሳል፤ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። በኋላ የክዳኑ ቀዳዳ ስፋት ያድናታል። በአንድ እውነት መለወጥ ንጹሑ ሲጠረጠር፣ የተጠረጠረው ንጹሕ ሲሆን፣ ልጁ መጽሐፉን አያስቀምጥም።

ተረት ያደገበት አንባቢ ጅብን ሆዳም፣ ጦጣን ብልጥ አድርጎ ይዞ ይመጣል። ይህን ግምት እንደ አሳሳች ፍንጭ ተጠቀሙበት፤ ማብራሪያ ሳትጽፉ አንባቢው ራሱን ያሳስታል። ጅብ ካስገባችሁ ግን ጥፋተኛ አታድርጉት። ያን ታሪክ ልጆቹ ሰምተውታል።

ፍንጮች

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ክፍል ነው፤ ይገባዋልም። ለዚህ ርዝመት አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ ፍንጭና ሁለት አሳሳች ፍንጭ አዘጋጁ። አሳሳቹም ውሸት አይሁን። የጃርቱ እሾህ በእርግጥ የጃርት ነው፣ በእርግጥም እዚያ ወድቋል፤ የተሳሳተው ትርጓሜው ነው። እሾሁ የወደቀው ጃርቱ ወርውሮት እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ጃርት እሾህ አይወረውርም፣ ራሱ ይነቀላል።

ከእንስሳት አካል የሚገኙ ፍንጮች ብዙ ናቸው። የውሻ ኮቴ የጥፍር ምልክት አለው፤ የድመት የለውም፣ ስትራመድ ጥፍሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለችና። ጥንቸል ስትዘል የኋላ እግሮቿ የፊት እግሮቿን አልፈው ያርፋሉ፤ ይህን የማያውቅ መርማሪ የሄደችበትን አቅጣጫ ገልብጦ ያነብባል። የጅብ የፊት እግር ኮቴ ከኋላው ይበልጣል፣ ኩሱም አጥንት ስለሚበላ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። አይጥና መሰሎቿ ሲያኝኩ ጎን ለጎን የሆኑ የሁለት ጥርስ ቦዮች ይተዋሉ፤ የቦዩ ስፋት ትንሿን አይጥ ከትልቁ ጃርት ይለያል። ጉጉት ያልፈጨችውን አጥንትና ጸጉር ጠቅልላ ትተፋለች፤ ያን ጥቅልል የሚፈታ መርማሪ ትናንት ማታ ማን እንደተበላ ያውቃል (ለትንንሾቹ ይህን ተዉት)። ማር ጠፍቶ ድመት ከተከሰሰች ጣፋጭ የማይጣፍጣት መሆኑ ጠበቃዋ ነው። በቀቀን የሌላውን ድምፅ ይቀዳል፤ ስለዚህ «ድምፁን ሰምቻለሁ» የሚል ምስክርነት ዋጋ ያጣል። ንብ በዝናብ አትሠራም፤ «ዝናቡ ሲወርድ አበባ ላይ ነበርኩ» ያለች ንብ ዋሽታለች።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያምረው የሌለ ነገር ፍንጭ ሲሆን ነው። በታሪካችን ውሻው ከጎተራው እስከ ዛፉ ድረስ መሬቱን ያሸታል፤ የኦቾሎኒ ሽታ ጎተራው ውስጥ አለ፣ ዛፉ ግንድ ላይ አለ፣ በመካከል ግን ምንም የለም። በምድር የሄደ ዱካ የለም ማለት በሰማይ የሄደ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው የቁራ ዝምታ ነው። ዘወትር የሚጮኸው ወፍ በዚያ ቀን አልጮኸም፤ አፉ ሞልቶ ነበር።

እነዚህን እንዴት እንደብቃቸው? ፍንጩን ሦስት ነገሮች በተደረደሩበት መካከል አስቀምጡት፣ ወዲያው ከሥሩ ጫጫታ አስነሡ። እንዲህ፦

«ጎተራው ውስጥ አሮጌ ገመድ ተንጠልጥሏል። ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ እርጥበት አለ። ጥጉ ላይ ነጭ ጸጉር ወድቋል። ውሻው ሊያሸት ጎንበስ ከማለቱ ከደጅ ጩኸት ተሰማ፤ “እሾህ! የጃርት እሾህ አገኘሁ!”»

እርጥበቱ ቀዳዳውን፣ ቀዳዳው መግቢያውን፣ መግቢያው ቁራውን ያመጣል። ሁሉም በሁለተኛው ምዕራፍ ዓይናችን ሥር ነበር። የቁራውን ዝምታ ደግሞ በሌላ ጉዳይ ውስጥ ሸሽጉት፤ ለምሳሌ ስለ ዶሮዋ ልጆች ስታወሩ፦ «ትናንት ጫጩቶቹ ያለ ረብሻ ተኙ፤ ሌላ ቀን የቁራ ጩኸት ይቀሰቅሳቸው ነበር።» «ቁራው ግን የዚያን ቀን አልጮኸም» ብላችሁ በቀጥታ ከጻፋችሁ ጣታችሁን ቀስራችሁ አሳያችሁ ማለት ነው።

የሐቀኝነት ሕጉ ጥብቅ ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ታሪክ ካወጣቸው አሥር ደንቦች መካከል ሁለቱ እዚህም ይሠራሉ፦ ጥፋተኛው ታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ይሁን፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ። ውሻ መርማሪ ሲሆን ሁለተኛው ደንብ በቀላሉ ይጣሳል። «ውሻው አሸተተና ሁሉም ገባው» ብሎ ምዕራፍ መዝጋት ማጭበርበር ነው። ውሻው ያሸተተው ምን እንደሆነ በዚያው ቅጽበት ለአንባቢም ይነገር።

ምዕራፎቹን መደልደል

በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ሥሩ፦ ምዕራፍ፣ በእውነት የሆነው፣ እንስሳቱ የሚያምኑት፣ የሚገለጠው ፍንጭ። ከዚያ ሙሉት። በእኛ ታሪክ ኦቾሎኒው ከመጀመሪያው ምዕራፍ አጋማሽ በፊት ይጠፋል፤ የግቢውን መልክዓ ምድር በሁለት ገጽ የሚገልጽ መግቢያ አያስፈልግም። ምዕራፍ 2 ቦታውን ያሳያል። ከ3 እስከ 5 ጃርት፣ ድመትና ጦጣ ይጠየቃሉ፤ ቁራም በመሃል ብቅ ብሎ አንድ ነገር ተናግሮ ያልፋል። በ6 ጃርቱ በሁሉም ፊት ይከሰሳል፤ ውሻው ራሱ ይሳሳታል። በ7 ዶሮዋ ትናገራለች። በ8 ጦጣ ትጠረጠራለች፣ ቀዳዳው ይለካል። በ9 የሽታው መቋረጥና ዛፉ፤ በ10 መፍትሔው።

መካከሉ ከላላ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ምዕራፍ 3፣ 4 እና 5 ተመሳሳይ ጥያቄና መልስ ሆነዋል። አንዱን ተጠርጣሪ እየሠራ ሳለ ጠይቁት፣ ሌላዋን ከኋላ ተከተሏት፣ ሦስተኛዋ ራሷ መጥታ ትጠይቅ። የእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻም አዲስ ጥያቄ ይክፈት እንጂ ልጁን በከንቱ አያስደንግጥ።

ቋንቋው ምስጢሩን እንዳያወጣ

በአማርኛ ግስ ጾታን ይናገራል፤ ይህ ለምስጢር ጸሐፊ አደገኛ ነው። «የወሰደችው ማን ናት?» ካላችሁ ከአራቱ ተጠርጣሪ ሁለቱን በአንድ ፊደል ነጻ አወጣችሁ። ጃርትና ቁራ ወንድ፣ ድመትና ጦጣ ሴት ስለሆኑ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ «ተወሰደ»፣ «ጠፋ»፣ «የገባው ማንም ይሁን ማን» እያላችሁ ሂዱ። በሌላ ታሪክ ደግሞ ይህንኑ ወደ ፍንጭ መለወጥ ትችላላችሁ። ማንንም አላየሁም ያለ ምስክር ሲናደድ «እኔ ሮጣ ስታልፍ ምን አገባኝ!» ብሎ ያመልጠው። ጠንቃቃ ልጅ ያቺን ቃል ይይዛታል።

አጠራሩም ባሕርይ ያሳያል። ወጣቱ ውሻ ሽማግሌውን ጃርት «አያ ጃርት፣ ትናንት ማታ የት ነበሩ?» ብሎ አንቱ ይበለው፤ ጦጣዋን «እሜት ጦጢት» ይበላት። በምዕራፍ 6 ጃርቱ ሲከሰስ ያው ውሻ «አንተ» ቢለው፣ ንዴቱን የሚገልጽ ሌላ ዐረፍተ ነገር አትጨምሩ። መጨረሻ ላይ ወደ «አንቱ» መመለሱ ይቅርታ መጠየቂያ ይሆናል።

ዐረፍተ ነገሩ ከ10 ቃል ብዙ አይለፍ። «ማስረጃ» እና «ተጠርጣሪ» ለ8 ዓመት ልጅ ይከብዳሉ ብላችሁ አትተዉአቸው፤ መጀመሪያ ሲመጡ ትርጉማቸው ከድርጊቱ ይታይ፣ ልጆች እነዚህን ቃላት መጠቀም ይወዳሉ።

መፍትሔውን መግለጥ

የመጨረሻው ምዕራፍ የውሻው ንግግር ብቻ ከሆነ ይሰለቻል። መፍትሔውን በሥራ አሳዩት፦ ውሻው ቅርጫቱን ቀዳዳው ሥር ያስቀምጥ፣ ውሃ ያንጠባጥቡበት፣ ጠብታው የቀድሞው ክብ ላይ ይረፍ። ጦጣዋ በቀዳዳው ልትገባ ትሞክር፣ አይበቃትም። ከዚያ ሁሉም ቀና ብለው ክዳኑን ይዩ። ስሙን ከውሻው በፊት ልጁ ራሱ እንዲጠራው አንድ ገጽ ስጡት።

ጥፋተኛው ደግ ሐሳብ ቢኖረውም ጃርቱ በከንቱ ተከሷል፤ ያ ሳይታረም ታሪኩ አይዘጋ። ልጆች ለፍትሕ ያላቸው ስሜት ስለታም ነው፤ ተሰድቦ የቀረ ጃርት አንባቢው ውስጥ ይቀራል። የድመቷ ግልገሎችና የክዳኑ ቀዳዳም መልስ ይፈልጋሉ።

በልጆች መፈተን

ረቂቁን ለአምስት ልጆች አንብቡና ምዕራፍ 8 ላይ አቁሙ። ለየብቻ ጠይቋቸው፦ ማን ይመስልሃል? ለምን? «ለምን» የሚለው ከ«ማን» ይበልጣል። ከአምስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ በትክክለኛ ምክንያት ካወቁት ሚዛኑ ደህና ነው። ሁሉም ምዕራፍ 4 ላይ ካወቁት ፍንጩ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ጥፋተኛው ያለ ምክንያት መግባቱ ነው፤ ለቁራው ከምስጢሩ ውጭ የሆነ ሥራ ስጡት፣ ለምሳሌ የዝናቡን መምጣት የሚያበስር እሱ ይሁን። መፍትሔው ከተነገራቸው በኋላም «እንዴት?» ካሉ ፍንጩ ከመጠን በላይ ተቀብሯል፤ እርጥበቱን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አሳዩት።

በመጨረሻ ሥዕሎቹን ፈትሹ። ሠዓሊው ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ክዳኑ ላይ የተቀመጠ ቁራ በሽፋኑ ላይ ሊስል ይፈልጋል፤ ያምራልና። ሽፋኑ ላይ አራቱም ተጠርጣሪዎች በእኩል መጠን ይሳሉ። የምዕራፍ 2 ሥዕል ግን እርጥበቱን ያሳይ፤ በጽሑፍ ያለ ፍንጭ በሥዕሉ ላይ ከሌለ፣ ገጹን መልሶ የሚመረምር ልጅ እንደተታለለ ይቆጥረዋል።